የተናገሩ ሰዎች ብዛት

ኑርዬ የማኅበሩ ጸሐፊ የሆነው ጽሕፈቱ ስለሚያምር ነው እንጂ ሹመት ፈልጎ አያውቅም። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ ወደ ሐይቁ ከወረደ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ማለዳ መረቡን ያወጣል፣ ዓሣውን ለሚያጸዱት ሴቶች ያስረክባል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በቆርቆሮው አዳራሽ ተቀምጦ የዓሣ አስጋሪዎቹን መዝገብ ይጽፋል። ማኅበሩ አርባ አንድ አባላት አሉት። በየወሩ ስብሰባ ይጠራል፤ ከመጣም አሥራ አራት ሰው ይመጣል። ሊቀመንበሩ ሐቢብ ይናገራል፣ አንድ ሰው ሐቢብ ያለውን መልሶ ይላል፣ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ፀሐዩ በረታ ስብሰባው ይብቃ ይላል። ኑርዬም ቃለ ጉባኤውን ይዘጋል።

ታኅሣሥ ላይ ሰሚሃ የምትባል ወጣት ባለሙያ ከመሥሪያ ቤቷ ተልካ መጣች። የአባላትን ተሳትፎ ታሳድጋለች ተብሎ ነበር የተላከችው። ወግ ካደረሱ በኋላ ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ጠየቀችና ጭኗ ላይ አስቀምጣ ገጽ በገጽ አነበበችው።

«አያ ኑርዬ፣ ሁሉም ላይ ‹ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ› ይላል። ማን ነው የተወያየው?»

ኑርዬ ሳቀ። «ወላሂ ልደብቅሽ አልችልም። ይቺን ዐረፍተ ነገር ስብሰባው ሳይጀመር ነው የምጽፋት።»

እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ኮስተር አለ። «‹ተሳትፎ ይደግ› ብሎ መመኘት እኮ ቀላል ነው። ዓመት ሙሉ ብንመኝ የሚያግደን የለም። ግብ ከሆነ ግን ይለካ። ዛሬ ስንት ሰው ይመጣል? ስንቱ ይናገራል? ከስድስት ወር በኋላስ ስንት እንዲሆን ነው የምትፈልጉት?»

ያን ቀን ቁጭ ብለው ጻፉት። እስከ ሰኔ መጨረሻ በየስብሰባው የሚገኙት ከአሥራ አራት ወደ ሠላሳ ሦስት ይደርሳሉ፤ የሚናገሩት ከሦስት ወደ ሃያ ያድጋሉ። ሦስተኛውን ግብ ያመጣው ኑርዬ ራሱ ነው፦ እያንዳንዱ አባል በስድስቱ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሥራው ላይ ያየውን ችግር በሰው ፊት ይናገር። ይህን ሲል ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ደረቱ ሞቀው። ሃያ ስድስት ዓመት አብሯቸው የሠራቸው ሰዎች ምን እንደሚያስቡ አለማወቁ ያን ጊዜ ነው የታሰበው።

ሐቢብ ሲነገረው እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። «ማሻአላህ! ይቆጠር። እኔን ከቁጥር ምን ያጣላኛል?»

ሐቢብ ክፉ ሰው አይባልም። ሐዘን ሲሆን ድንኳን ተሸክሞ ቀድሞ የሚደርስ እሱ ነው፤ ሠርግ ሲሆን በሬ የሚያርድ እሱ ነው። ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ በደረሰ ጊዜ የኑርዬን ሚስት ዙሌይካንና ሦስቱን ልጆች አምባሰል እህቱ ቤት ወስዶ አርባ ቀን አኑሯቸዋል። ኑርዬ ይህን ለሰው ሲያወራ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር።

ሰንጠረዡ በትልቅ ወረቀት ተሠርቶ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ስሞቹ ወደ ታች፣ ወራቱ ወደ ጎን። ለመጣ ሰው ሰረዝ፣ ለተናገረ ሰው ክብ። ኑርዬ አርባ ስም ጽፎ የራሱን ተወው፤ ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም ብሎ። ሰሚሃም ልብ አላለችውም።

ከዚያ ወዲያ ኑርዬ ሌላ ሰው ሆነ። ዓሣ ካልመጣለት ዓሣውን የሚወቅስ አስጋሪ የለም፣ መረቡን ነው የሚያዛውረው፤ እሱም ስብሰባውን አዛወረው። ማለዳ የነበረውን ሁሉም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ አደረገው። ከቆርቆሮው አዳራሽ አውጥቶ በሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር አደረገውና ወረቀቱንም አብሮ እያመጣ ግንዱ ላይ ይሰቅለው ጀመር። አግዳሚዎቹን አንሥቶ ሰዉን በክብ አስቀመጠ። ሐቢብን በትሕትና ለመነው፤ «አንተ መጨረሻ ተናገር፤ አንተ ከተናገርክ በኋላ የሚጨምር ሰው የለም» አለው። ሐቢብ ይህንንም እንደ ሙገሳ ቆጥሮ እሺ አለ።

በጥር ስብሰባ ዓሣ የምታጸዳው ፋና ተነሣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በእሱ ቦታ አባል ሆና ገብታለች፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሁለት እጆቿን ገልብጣ አሳየች። ጣቶቿ መሐል ያለው ቆዳ ነጭ ሆኖ ተልጧል።

«ውኃው መሄጃ የለውም» አለች። «ቀኑን ሙሉ እግራችንም እጃችንም እዚያው ቆሻሻ ውኃ ውስጥ ነው። ቦይ ይቆፈርልን። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

በሁለተኛው ሳምንት ቦዩ ተቆፈረ። አሥራ አንድ ሰው ነው አካፋ ይዞ የመጣው። መናገር አንድ ነገር እንደሚያስቆፍር ሰው በዓይኑ አየ። ከዚያ በኋላ ክቡ እንደ ኩፍኝ ወረቀቱን ወረረው፤ በየካቲት አሥራ ሁለት ሰው፣ በመጋቢት አሥራ ዘጠኝ ሰው ተናገረ። አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ «እኔ ደህና ነኝ፤ ክቤን አድርግልኝ» ሲል ኑርዬ እንቢ አለ።

«ደህና ነኝ ማለት ችግር አይደለም፣ አያ።»

«ችግር የሌለበት ሰው መሆን አይቻልም እንዴ በዚህ ማኅበር?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌውም እየሳቀ ተቀመጠና እንደ ገና ተነሣ፤ የጀልባው ወለል እንደተበሳ፣ ለመጠገን የሚረዳው ሰው አጥቶ ሁለት ወር እየቀዘፈ በጣሳ ውኃ ሲጨልፍ እንደከረመ ተናገረ። ኑርዬ ክቡን አደረገለት። ቤቱ ሲገባ ለዙሌይካ ይህን ሲነግራት እንደ ልጅ እጁን እያወናጨፈ ነበር።

በሚያዝያ ስብሰባ ሠላሳ አምስት ሰው መጣ። ቄጠማ የሞላበት የሐይቁ ጥግ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባበት ቦታ ነው። እንቁላሉንና ጫጩቱን እዚያ ነው የሚያሳድገው። ዓሣው ከዓመት ዓመት እያነሰ መሄዱን ሁሉም ያውቃል፣ ተናግሮት የሚያውቅ ግን አልነበረም። ያን ቀን ተነገረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራክረው፣ ተቆጥተው፣ ታርቀው፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ ቄጠማው ጥግ መረብ እንዳይጣል እጅ አውጥተው ወሰኑ። ሐቢብም እጁን አወጣ። ኑርዬ ሦስት ገጽ ቃለ ጉባኤ ጻፈ፤ ‹ሰፊ ውይይት› የሚለውን ቃል ሳያስገባ።

ግንቦት ሲገባ ከአርባው ስም ሠላሳ ዘጠኙ ክብ አለው። አንዱ ብቻ ቀረ። አሕመዲን።

አሕመዲን ከአንድም ስብሰባ ቀርቶ አያውቅም። መጥቶ ከዳር ይቀመጣል፣ ሽርጡን ያስተካክላል፣ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል፣ ይሄዳል። ዓሣ በማወቅ ከእሱ የሚስተካከል የለም። ቤቱ ከቄጠማው ጥግ በላይ ካለችው መንደር ነው። ሰሚሃ በስልክ ደውላ በወሩ መጨረሻ ከደሴ እንግዶች እንደሚመጡ፣ የእነሱን ማኅበር እንደ አርአያ ሊያዩ እንደሆነ ስትነግረው፣ ኑርዬ ዓይኑ ወደ ወረቀቱ ሄደ። አንዲት ባዶ መስመር። ጥርስ እንደ ጎደለው አፍ ሆነችበት።

በማግስቱ ማለዳ አሕመዲን ቤት ሄደ። ሰውየው ደጁ ላይ ተቀምጦ የተቀደደ መረብ ይሰፋል። ሚስቱ አሚናት ውኃ አቀረበች።

«አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው» አለው ኑርዬ። «ሁሉም ተናገረ እኮ። አንተስ ችግር የለብህም?»

«ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ አያ ኑርዬ።»

«የሰው ችግር ግን በዝምታ ይነቅዛል። ፋና ዝም ብትል እጇ ይድን ነበር?»

አሕመዲን መርፌውን መረቡ ላይ ሰክቶ ተነሣ። «ና» አለው።

ወደ ቄጠማው ጥግ ወረዱ። ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ኑርዬ አየ። ዓይኑ የጠበበ፣ ጣት የማያሳልፍ መረብ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ይንጠፈጠፋል። ሁለት የቀን ሠራተኞች ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ በእፍኝ እየዛቁ ይከታሉ። የሚዝቁት የጣት ርዝመት የሌለው የቆሮሶ ጫጩት ነበር። ገና ይንፈራገጣል። ከረጢቱ በራሱ ይላወሳል።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ኑርዬ።

አንደኛው ሠራተኛ ቀና ብሎ እንደ ዋዛ መለሰለት። «የሐቢብ ነው። ምነው?»

ወደ ላይ ሲመለሱ አሕመዲን መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

«ችግር ተናገር አላልከኝም? ይሄ ነው ችግሬ። ከወሰንን ከሳምንት በኋላ ነው የጀመረው። በየማለዳው አያለሁ። ሌላ የምናገረው ችግር የለኝም፤ ይሄን ካልተናገርኩ ደግሞ ሌላውን ብናገር ውሸት ነው።»

«ተናገራ» አለ ኑርዬ።

«ብቻዬን?»

ኑርዬ ያን ጊዜ ምን እንዳሰበ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሱን ጠይቋል። ስለ ጫጩቱ ልቡ ተቃጥሏል፤ እውነት ነው። ግን ደግሞ ያቺ ባዶ መስመር ነበረች፤ አርባ ከአርባ የሚለው ቁጥር ነበረ። የትኛው ምላሱን እንዳንቀሳቀሰው መለየት አልቻለም።

«እኔ አለሁ» አለ። «ወላሂ አለሁ። ከጎንህ እቆማለሁ።»

የእንግዶቹ ቀን ሾላው ሥር ወንበር ተደረደረ። ከደሴ የመጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ሰሚሃና አለቃዋም አሉ። ከአባላት አንድም የቀረ የለም። ሰሚሃ ሰንጠረዡን ለእንግዶቹ እያሳየች ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ያለውን ስትዘረዝር ፊቷ ይበራ ነበር። ጥቂት ሰዎች ስለ መረብ ማጠቢያና ስለ በረዶ እጥረት ተናገሩ። ከዚያ አሕመዲን ተነሣ።

ሁሉም ዞረ። አንዳንዱ አባል ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ያን ቀን ነው። ድምፁ ቀጭን ነበር።

«ቄጠማው ጥግ ተዘግቷል ብለን እጅ አውጥተናል። አልተዘጋም። በየማለዳው ጠባብ መረብ ይጣላል። ጫጩቱ በከረጢት እየተጫነ ይወጣል። መረቡ የሊቀመንበራችን የሐቢብ ነው። ዘንድሮ ጫጩቱ ካለቀ የዛሬ ዓመት እዚህ የምንሰበሰበው ስለ ምን ለመነጋገር እንደሆነ አላውቅም። ይሄው ነው።»

ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ወረቀቱን ሲያንኳኳው ይሰማል። ሐቢብ አልተቆጣም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«አሕመዲን ስለተናገረ ደስ ብሎኛል። ስንጠብቀው ነበር። ግን ነገር ምስክር ይፈልጋል፣ ወንድሜ። ምስክር አለህ?»

«አለኝ። አያ ኑርዬ አብሮኝ ሄዶ በዓይኑ አይቷል። ሠራተኞቹም በአፋቸው ነግረውታል።»

አርባ ራስ ወደ ኑርዬ ዞረ። ኑርዬ እስክሪብቶውን እንደያዘ ነው። አሕመዲን ያየዋል፤ በልመና ሳይሆን የተስማሙበትን ነገር እንደሚጠብቅ ሰው። ሐቢብም ያየዋል፤ እሱም በቁጣ አይደለም፤ በጦርነቱ ጊዜ የኑርዬን ልጆች ወደ አምባሰል ሲያሳፍር ባየው በዚያው ዓይን። እንግዶቹ ያዩታል። ሰሚሃ ታየዋለች።

«ጸሐፊ፣ ያየኸውን ንገረን» አለ ሐቢብ።

«መረብ አይቻለሁ» አለ ኑርዬ። «የማን እንደሆነ ግን… አላውቅም።»

ይችው ናት። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚች ቃል ወረደ። ሐቢብ ራሱን ነቀነቀ፣ ሰው ይሳሳታል አለ፣ በግሉ ምንም ቅያሜ እንደሌለው ተናገረ። ግን ደንቡ ምን ይላል? አንድ ሰው ደንቡን ጠቀሰ፤ ያለ ማስረጃ የአባል ስም ያጠፋ ሦስት ወር ይታገዳል። እጅ ይውጣ ተባለ። እጆች አንድ በአንድ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ፣ ወጡ። የፋና እጅ የመጨረሻው ነበር፤ እስከ ጆሮዋ ብቻ ነው ከፍ ያለው። መቁጠር የጸሐፊው ሥራ ነውና ኑርዬ ቆመና ቆጠረ። ሠላሳ አራት።

አሕመዲን ቆሞ ጠበቀው። «ጨረስክ?» አለው።

ኑርዬ ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ጻፈ። አሕመዲን ጫማውን አጠለቀና በሐይቁ ዳር መንገድ ሄደ። ማንም አልጠራውም።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ነገሩን ለማለፍ ብሎ ይሁን አይታወቅም፣ ወደ ወረቀቱ ጠቆመ። «ይሄኛው ሰውስ? ተናግሯል አይደለም እንዴ?»

ኑርዬ ማርከሩን አነሣ። ክቡን አደረገ። አርባ ከአርባ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ሌላውም ተከትሎ አጨበጨበ።

ቤት ሲገባ ዙሌይካ ሰምታ ጠበቀችው፤ ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት። ራት አላቀረበችም። ከፊቱ ቁጭ አለች።

«አርባ ቀን ያበላንን ሰው በእንግዳ ፊት ላዋርደው?» አላት ገና ሳትጠይቀው።

«የበላሁት እኔ ነኝ» አለች። «እኔና ልጆቼ። አንድ ቀን እንኳ ‹ለዚህ ብለህ ዋሽልኝ› ብዬሃለሁ?»

«አንቺ አይገባሽም።»

«አዎ፣ አይገባኝም» ብላ ተነሣች። ከዚያ ወዲያ ስለ ማኅበሩ አልጠየቀችውም። እሱም እጁን እያወናጨፈ የሚነግራት ነገር አልነበረውም።

በሰኔ ስብሰባ ሠላሳ ስምንት ሰው መጣ፤ ሁሉም ተናገረ። ኑርዬ በየተራ ስም ይጠራል፣ የተጠራው ይነሣል። «ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።» «ምንም ችግር የለም።» «ሥራው ጥሩ ነው።» የጀልባው ወለል የተበሳበት ሽማግሌ ተነሥቶ «ደህና ነኝ» አለና ኑርዬን ቀጥ ብሎ አየው። ኑርዬ ክቡን አደረገለት። ፋና ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ተነሣች። ቦዩ ክረምቱ ባመጣው ደለል ተደፍኖ ውኃው ተመልሶ እንደተኛ ኑርዬ ያውቃል። «ደህና ነኝ» አለችና ተቀመጠች። ሠላሳ ስምንት ክብ ለመሙላት ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ሰሚሃ ስብሰባው ሲያልቅ ብቻውን አገኘችው። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ተመለከተች። «ያን ቀን ያዩትን መረብ የማን እንደሆነ ያውቁ ነበር፣ አያ ኑርዬ?» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «ለአለቃዬ ጥርጣሬዬን ነገርኩት። ‹ሪፖርቱ ላይ ምን ተናገሩ የሚል ቦታ የለም፣ የተናገሩ ሰዎች ብዛት ነው የሚለው› አለኝ። ግቡን አልፋችኋል። ሌሎች ማኅበራት ሰንጠረዡን እንዲገለብጡ ወስነዋል።» ቦርሳዋን አንጠለጠለች። «የእኔም ጥፋት አለበት። መቁጠር አስተማርኳችሁ፣ ሰው የተናገረ ቀን ማን እንደሚጠብቀው ግን አላሰብኩም።»

ኑርዬ «አብሽሪ» ብሎ ሊያጽናናት ፈለገ። ግን ወረቀቱን ይጠቀልል ጀመር።

አሕመዲን እገዳውን አልጠበቀም። ጀልባውን ሸጦ ከአሚናት ጋር ወደ ዘመዶቿ አገር ወደ ውጫሌ መሄዱ ተሰማ። ሐምሌ መባቻ ላይ ኑርዬ በወልድያ መንገድ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሮ ውጫሌ ወረደ። የገበያ ቀን ነበር፤ ዝናብ ጥሎ መሬቱ ጨቅይቷል። እህል ተራ ጠይቆ አገኘው። አሕመዲን ጀርባው ላይ ኩንታል ተሸክሞ ከአይሱዙ ወደ መጋዘን ይገባል። ተራውን ጨርሶ ላቡን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ መጣ። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ የልጆቹን ደኅንነት ጠየቀው፤ ዙሌይካን ጠየቀው። ደግነቱ ኑርዬን ከስድብ በላይ አመመው።

«አውፍ በለኝ፣ በድዬሃለሁ» አለ ኑርዬ።

«አውፍ ብያለሁ።»

«እንግዲያው ተመለስ። እገዳው ነሐሴ ላይ ያልቃል። አሁን እናገራለሁ፤ በሰው ፊት።»

አሕመዲን መሬቱን አየ። «ለእኔ ብለህ ከሆነ አትድከም። የመናገር ነገር እኮ ሰዓት አለው። እኔ ስናገር አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ‹አዎ› ቢል የሚከተሉ ነበሩ፤ ፊታቸውን አይቻለሁ። ፋና አፏን ከፍታ ነበር፤ አንተ ስትናገር ዘጋችው።» ሌላ መኪና ደርሶ ጫኞቹ ተጣሩ። «እዚህ ኩንታሉን ነው የምሸከመው፣ የሚጠይቀኝ የለም። ደህና ነኝ» አለና ሄደ።

በሐምሌ መጨረሻ ስብሰባ ኑርዬ ሁሉም «ደህና ነን» ብለው እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ መዝገቡን አጠፈና ቆመ። ዝናብ ስላለ ወደ ቆርቆሮው አዳራሽ ተመልሰው ነበር።

«እኔ ዋሽቻለሁ» አለ። «በግንቦት የተናገርኩት ሐሰት ነው። መረቡ የሐቢብ ነው። አይቻለሁ፣ ሠራተኞቹም ነግረውኛል። አሕመዲን ያለው ሁሉ እውነት ነው። እገዳው ይነሣ፤ መረቡ ይያዝ። የሚደግፈኝ እጁን ያውጣ።»

አንድም እጅ አልወጣም። የተቆጣ ሰው ቢኖር፣ የሰደበው ቢኖር ይሻለው ነበር። ሁሉም እግሩ ሥር ያለውን ያያል። ፋናን አያት።

«ያኔ ነበር፣ አያ ኑርዬ» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ቄጠማው ጥግ ምን አለና? ጫጩቱ እንደሆነ አልቋል። እኛም ነገ ከዚሁ ሰው ጋር ነው የምንውለው።»

ሐቢብ ዛሬም አልተቆጣም። «አያ ኑርዬ ደክሞታል» አለ። «ሸክሙ በዝቶበታል። ግን ማንም ሰው የተናገረው ሁሉ ይመዝገብ ብለናል፤ ይመዝገብ። ጸሐፊ፣ ጻፈው።»

ኑርዬ ተቀመጠ። የራሱን ቃል በራሱ እጅ፣ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቱ ጻፈ። ሥሩም ‹ድጋፍ አላገኘም› ብሎ ጨመረ። ቀና ሲል ሁለተኛው አጀንዳ ተጀምሯል፤ ስለ አዳራሹ ጣሪያ ጥገና ነበር።

ሲወጡ ዝናቡ ከብዷል። ሰዉ ሽርጡንና ነጠላውን ራሱ ላይ ጥሎ ተበተነ። ኑርዬ መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ሰው የሚያሳፍር ባጃጅ አጥቶ ሲርስ፣ አንዲት ባጃጅ አጠገቡ ቆመች። ሐቢብ ከውስጥ ሸራውን ገልጦ ራሱን ብቅ አደረገ።

«አብሽር፣ አልተቀየምኩህም» አለው። «ወንድማማች ነን። ግባ፣ ትታመማለህ።»

ኑርዬ ትንሽ ቆመ። ውኃው ባንገቱ ይወርዳል። ከዚያ ገባ። ሐቢብ ቦታ ለቀቀለት፣ ሸራውንም መልሶ ዘጋለት። እስከ ቤቱ ድረስ ስለ ልጆቹ ትምህርት እያነሣ አወራው፤ ኑርዬም መለሰለት።